ግንቡ ያው፣ ቁጥሩ ሌላ፦ “ግንብ ስደትን ያቆማል” ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የነበረ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ስለ ድንበር ግንብ ነው። ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ግንብ የሠራ አገር ሕገ ወጥ ስደትን አቁሟል፤ ያልሠራው ተጥለቅልቋል። እስራኤልን፣ ሃንጋሪንና የአሜሪካዋን ሳንዲያጎን ምስክር ይጠራል። አዲሱ የአሜሪካ የብረት ግንብ እንደ ድሮው አይደለም፣ አይደፈርም ይላል። ግንብ ወንጀልንና አደንዛዥ ዕፅን ይከላከላል፣ ወጪውን ይመልሳል፣ እንዲያውም ሰውን ከበረሃ ሞት ያድናል ብሎም ይጨምራል። መጨረሻ ላይ “ማታ ቤትህን ትቆልፍ የለ? ታዲያ አገር በሩን ሲቆልፍ ምን ያስቆጣሃል?” ሲል ይጠይቃል።

ጽሑፉ የስድብ ጽሑፍ አይደለም። ስደተኛን አያንቋሽሽም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ መልስ ይገባዋል። አገር ድንበሩን የመቆጣጠር መብት አለው በሚለው እኔም እስማማለሁ። የማይዋጥልኝ፣ ግንብ ይህን ሥራ ይሠራል የሚለው ነው። ግንብ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ያስቀይራል፤ የደላላውን ዋጋ ያስወድዳል፤ ሟች ያበዛል። ስንት ሰው ይገባል የሚለውን የሚወስኑት ግን ሕጉ፣ ፍርድ ቤቱና የጎረቤት አገር ፈቃድ ናቸው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

“ግንብ የሠራ ሁሉ ስደትን አቁሟል”

ከእስራኤል ልጀምር። የጸሐፊው ጠንካራ ማስረጃ እሱ ነው። በ2011 ከ17 ሺህ በላይ ሰው የሲናን በረሃ አቋርጦ እስራኤል ገባ። አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ሱዳናውያን ነበሩ። ከዚያ ከግብፅ ጋር በሚያዋስነው ድንበር ላይ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አጥር ተሠራ። በ2013 የገቡት 43 ሰዎች ብቻ ሆኑ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ አልከራከረውም።

ጽሑፉ ዘሎት ያለፈው ግን ሁለት ነገር አለ። በጃንዋሪ 2012 የእስራኤል ፓርላማ በድንበር ሾልኮ የገባን ሰው ያለ ፍርድ እስከ 3 ዓመት ለማሰር የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። በዚያው ሰሞን ሲና ውስጥ ስደተኛ እያገቱ፣ የስቃይ ጩኸቱን በስልክ ለቤተሰቡ እያሰሙ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቁ አጋቾች ነበሩ። ያ ስልክ የተደወለላቸው ወላጆች ዛሬም አሉ። አጥሩ፣ እስሩና ፍርሃቱ አንድ ላይ ነው የሠሩት። ውጤቱን ሁሉ ለአጥሩ መስጠት ልክ አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ይብሳል። እነዚያ ሰዎች የት ሄዱ? በባሕር ተሻግረው ጣሊያን የደረሱ ኤርትራውያን በ2013 ከ10 ሺህ በታች ነበሩ። በ2014 ከ34 ሺህ በለጡ። አጥሩ ብቻ ነው ይህን ያመጣው አልልም፤ ሊቢያ መንግሥት አልባ መሆኗ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ግን የሲና መንገድ ሲዘጋ ሰው ፊቱን ወደ ሊቢያ አዞረ። ኦክቶበር 3 ቀን 2013 የጣሊያን ደሴት በሆነችው ላምፔዱዛ አጠገብ አንዲት ጀልባ ሰጠመች። ከ360 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። በአንዱ አገር ሰንጠረዥ ላይ ቁጥር ስለቀነሰ ስደቱ ቆመ ማለት አይደለም። ሰውየው የሌላ አገር ሰንጠረዥ ላይ አለ፤ ወይም ባሕር ውስጥ ቀርቷል።

ሃንጋሪም እንዲሁ ናት። ከሰርቢያ ጋር በሚያዋስናት 175 ኪሎ ሜትር ላይ አጥር ሠርታ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2015 ድንበሯን ዘጋች። ሰዉ ወዲያው ወደ ክሮኤሺያ ታጠፈ። ኦክቶበር 17 ያንንም ዘጋች። በስሎቬኒያ በኩል ሄደ። ጀርመን ለመድረስ የተነሳው ጀርመን ደረሰ። ጎርፉ የቀነሰው በማርች 2016 ነው። ያኔ የባልካን አገሮች ተባብረው መንገዱን ዘጉ፤ የአውሮፓ ኅብረትም ስደተኛ እንድታስቀር ለቱርክ 6 ቢሊዮን ዩሮ ሊሰጥ ተስማማ። ያ የዲፕሎማሲና የገንዘብ ሥራ ነው።

ሳንዲያጎን በተመለከተ ጸሐፊው ቁጥሩን እስከ ግማሽ ብቻ ነው ያሳየን። በ1994 እዚያ አካባቢ ድንበር ሲሻገሩ የተያዙት 450 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ2002 ወደ 100 ሺህ ወረዱ። እውነት ነው። በአሪዞናው የቱሳን ክልል ደግሞ በ1994 ከ140 ሺህ በታች የነበረው በ2000 ከ600 ሺህ በላይ ሆነ። የመላው ደቡብ ድንበር ድምር ከ1 ሚሊዮን በታች የነበረው 1.6 ሚሊዮን ደረሰ። አንዱ ጋ የጎደለው ሌላው ጋ ተጨምሮ ሲገኝ፣ ያውም በትርፍ፣ “ቆመ” አይባልም።

ጸሐፊው ያልጠቀሳትን አንዲት ከተማ ልጨምር። ሴውታ በሰሜን አፍሪካ የምትገኝ የስፔን ከተማ ናት። ዙሪያዋን ከሞሮኮ የሚለያት ከፍተኛ ድርብ አጥር አለ። በሜይ 2021 ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ 8 ሺህ ገደማ ሰው ገባባት። አጥሩ አልፈረሰም። ስፔን ምዕራብ ሰሃራን ከሞሮኮ ነጻ ለማውጣት የሚታገለውን የፖሊሳሪዮ ንቅናቄ መሪ ሆስፒታል አስገብታ ስላሳከመች ሞሮኮ ተቆጣች፤ ጠባቂዎቿም ዝም ብለው ማየት ጀመሩ። ሰዉ በባሕሩ ዳር፣ አጥሩ በሚያልቅበት በኩል፣ እየዋኘ ዞሮ ገባ። ልጅ ያዘሉ እናቶች ሳይቀሩ። ድንበሯን ሲጠብቅላት የኖረው የጎረቤቷ ፈቃድ እንደነበር በሁለት ቀን ታየ።

“አዲሱ የብረት ግንብ አይደፈርም”

እስቲ ይህን ግንብ ቀረብ ብለን እንየው። አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ነው፤ ውስጡ ኮንክሪት የተሞላ። ቱቦዎቹ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ በመሃላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ቁመቱ በብዙ ቦታ 9 ሜትር ነው። ጫፉ ላይ መወጣጫ እንዳይኖር ለስላሳ ብረት ተለብጧል። ሲያዩት ያስፈራል።

ደላሎቹ ግን ማንኛውም የግንባታ ዕቃ መደብር የሚሸጠውን በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መጋዝ ይዘው ይመጣሉ። ቱቦውን ከሥሩ ይቆርጡታል። ቱቦው የተያዘው ከላይ ብቻ ስለሚሆን ሲገፉት ይወዛወዛል፤ ሰው ያልፋል። ከዚያ ወደ ቦታው መልሰው ቁርጡን በማጣበቂያ ይደፍኑታል፤ ሌላ ቀን እንደገና ይጠቀሙበታል። የአሜሪካ ድንበር ጥበቃ ራሱ በያዘው መዝገብ ከ2019 እስከ 2021 ባሉት ሦስት የበጀት ዓመታት ግንቡ 3,272 ጊዜ ተቆርጧል።

አሪዞና ውስጥ ደግሞ በግንቡ ላይ የጎርፍ በሮች አሉ። በክረምት ዝናብ ሲመጣ ውሃው እንዲያልፍ ክፍት መተው አለባቸው። አለበለዚያ ጎርፉ የሚያመጣው ግንድና ፍርስራሽ ተከማችቶ ግንቡን ይጥለዋል። ቴክሳስ ውስጥ ወሰኑ ወንዝ ነው። ወንዝ መሃል ግንብ አይሠራም። ስለዚህ ግንቡ ከዳርቻው ራቅ ብሎ በአሜሪካ መሬት ላይ ቆሟል። ወንዙን የተሻገረ ሰው ግንቡ ሥር ሲደርስ አሜሪካ ገብቷል ማለት ነው። በአገሪቱ ሕግ ደግሞ መሬቱን የረገጠ ሰው በየትኛውም በኩል ይግባ፣ ጥገኝነት የመጠየቅ መብት አለው። ብዙዎቹ ለመሸሽ እንኳ አይሞክሩም ነበር። ቁጭ ብለው ጠባቂውን ይጠብቁት ነበር።

ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋው የሚከተለው ነው። የአሜሪካ ደቡብ ድንበር 3,145 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከዚያ ውስጥ በ2025 መጀመሪያ አጥር ወይም ግንብ የነበረው 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዲሴምበር 2023 በመግቢያ ኬላዎች መካከል ሲሻገሩ የተያዙት ወደ 250 ሺህ ደረሱ፤ በአንድ ወር እንዲህ ያለ ቁጥር ታይቶ አይታወቅም። በማርች 2025 ደግሞ 7,200 ገደማ ብቻ ሆኑ። በእነዚህ ሁለት ወራት መካከል በግንቡ ላይ የተጨመረው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ250 ሺህውም ጊዜ፣ በ7 ሺህውም ጊዜ ግንቡ ያው ግንብ ነው።

የተለወጠው ሌላ ነው። በ2024 መጀመሪያ ሜክሲኮ በራሷ መሬት ላይ ስደተኛ እያስቆመች ወደ ደቡብ መመለስ ጀመረች። በጁን 2024 የባይደን አስተዳደር በድንበር ጥገኝነት መጠየቅን በእጅጉ ገደበ። በጃንዋሪ 2025 ትራምፕ ሲመለሱ በድንበር ጥገኝነት መጠየቅን ጨርሰው ዘጉት።

እዚህ ላይ ጸሐፊው “እንግዲያው ጠበቅ ማድረግ ይሠራል ማለት ነው” ሊለኝ ይችላል። አዎ፣ ቁጥሩ ወርዷል። ግን ያ ስለ ሕግ የሚደረግ ክርክር ነው። ከሞት የሸሸ ሰው “አድኑኝ” ብሎ የሚያመለክትበት መስኮት ይዘጋ ወይስ አይዘጋ ነው ጥያቄው። እኔ አይዘጋ እላለሁ። ይዘጋ የሚል በግልጽ ወጥቶ ይከራከር። ግንቡን ከፊት አቁሞ ስለ እሱ አለመናገር ግን አንባቢን ያሳስታል።

“ሕገ ወጡ ሁሉ የገባው በድንበር ነው”

አይደለም። በበጀት ዓመት 2022 ብቻ በቪዛ ወይም በሕጋዊ የጉብኝት ፈቃድ ገብተው ቀናቸው ሲያልፍ አልወጡም ተብለው የተመዘገቡት ከ850 ሺህ በላይ ናቸው። በአውሮፕላን መጥተው፣ ፓስፖርታቸው ላይ ማኅተም ተመትቶላቸው ነው የገቡት። 9 ሜትር ግንብም ሆነ 90 ሜትር ግንብ እነሱን አይመለከታቸውም።

“ወንጀልና ዕፅ ያስቀራል”

ይህም አጭር መልስ ይበቃዋል። ፈንታኒል ከተባለው ገዳይ አደንዛዥ ዕፅ ከተያዘው ውስጥ አብዛኛው የተያዘው በመኪናና በጭነት ተደብቆ በሕጋዊ ኬላ ሲያልፍ ነው። በ2021 በፈንታኒል ዝውውር ከተፈረደባቸው ውስጥ ከ100 ሰዎች 86ቱ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ደላላ ሞኝ አይደለም። ኬላው ላይ የማይጠረጠረው ፓስፖርት ያለው ዜጋ መሆኑን ያውቃል። ስለ ወንጀል ደግሞ፣ የታሰረን ሰው የመኖሪያ ፈቃድ አጣርቶ የሚመዘግበው የቴክሳስ ክፍለ ግዛት ነው። በእሱ መረጃ ወረቀት የሌላቸው ሰዎች የሚታሰሩበት መጠን አሜሪካ ከተወለዱት ያነሰ ነው።

“ግንብ ሰውን ከበረሃ ሞት ያድናል”

ከጽሑፉ ሁሉ ያንገበገበኝ ይህ ነው። ጸሐፊው በቅንነት የጻፈው ይመስለኛል። ግንቡን አይቶ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ጉዞውን አይጀምርም፣ ስለዚህም አይሞትም ነው ሐሳቡ።

የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በ1994 የአሜሪካ ድንበር ጥበቃ ያወጣው ስትራቴጂ ራሱ፣ የከተማ መሻገሪያዎች ሲዘጉ ሰዉ ወደ አስቸጋሪው መልክዓ ምድር እንደሚገፋ በግልጽ ያስቀምጣል። የታሰበው በረሃው ያስፈራቸዋል ተብሎ ነው። አላስፈራቸውም። ከ1998 እስከ 2019 ድንበር ጥበቃው ከ7,800 በላይ አስከሬን ቆጥሯል። ይህ የተገኘው ብቻ ነው። በ2022 ደግሞ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በዚህ ድንበር የሞቱና የጠፉ 686 ሰዎች መዝግቦ፣ ከዓለም የየብስ የስደት መንገዶች እጅግ ገዳዩ ይሄ ነው አለ።

የሚሞቱት በሙቀትና በጥም ነው። በሐምሌ ፀሐይ በዚያ በረሃ በእግር ለሚሄድ ሰው የሚበቃውን ውሃ ተሸክሞ መጓዝ አይቻልም። ቱሳን ያለው የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ለብዙ ዓመታት አጥንት ሲሰበስብ ኖሯል። ስም የሌለው አጥንት። አንዳንዱ ላይ ማንነቱን የሚጠቁመው በልብሱ ስፌት ውስጥ የተደበቀ ስልክ ቁጥር ነው። ደውለው ለእናት የሚነግሩት በዚያ ቁጥር ነው።

የግንቡ ቁመት ሲጨምርስ? ሳንዲያጎ ውስጥ ያለ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆጥሮታል። ከ2016 እስከ 2018 ከግንብ ወድቀው እዚያ የተኙ ሰዎች 67 ነበሩ። ግንቡ ወደ 9 ሜትር ካደገ በኋላ፣ ከ2019 እስከ 2021፣ 375 ሆኑ። በፊተኛው ጊዜ ከመውደቅ የሞተ አልተመዘገበም። በኋለኛው 16 ሰው ሞተ። የሰባተኛ ወር እርጉዝም ብትሆን፣ አባትም ቢሆን፣ ደላላው መሰላሉን አስደግፎ “ቶሎ በሉ” ሲል ከሦስት ፎቅ ከፍታ ላይ ለመውረድ የቀረው ብረቱን አቅፎ መንሸራተት ብቻ ነው።

ይህ አሜሪካ ብቻ የሚሆን እንዳይመስለን። ሂዩማን ራይትስ ዎች በኦገስት 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ድረስ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን በኩል ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል። ሳዑዲ አስተባብላለች። ከጥይት የበለጠ ማስፈራሪያ ከየት ይመጣል? ሆኖም በዚያው በ2023 በባሕር ተሻግረው የመን የገቡት ከ97 ሺህ በላይ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን። ቤቱ ውስጥ የሚበላ ያጣ ወይም ጦርነት የደረሰበት ልጅ፣ ጅቡቲ ካለችው ኦቦክ ወደብ ጀልባ ሲሳፈር አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጽሑፉ ጭራሽ አላሰበውም። የፕሪንስተኑ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዳግላስ ማሴይ ለብዙ ዓመታት ሲያሳዩት የኖሩት ነው። ድሮ የሜክሲኮ ሠራተኛ ለወቅት ሥራ ይሄዳል፣ ገንዘቡን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ድንበሩ ሲጠብቅና የደላላው ዋጋ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሲሆን መመለሱን ተወው። አንዴ ከገባሁ አልወጣም አለ። ሚስቱንና ልጆቹንም አስመጣ። በ1990 አሜሪካ ውስጥ ወረቀት ያልነበራቸው 3.5 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ጠባቂው በየዓመቱ እየበዛ፣ አጥሩ እየረዘመ ሄዶ በ2007 ከ12 ሚሊዮን በለጡ። ግንቡ እንዳይገቡ ካገዳቸው ይልቅ እንዳይወጡ ያገዳቸው ይበልጣል።

“ወጪውን ይመልሳል”

ከ2017 እስከ 2021 መጀመሪያ ድረስ 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተመድቦ 737 ኪሎ ሜትር ያህል ግንብ ተሠራ። በአማካይ በኪሎ ሜትር 20 ሚሊዮን ዶላር ነው። አብዛኛው የቆየ አጥር ተነቅሎ የተተካ ወይም ሁለተኛ ረድፍ ነው፤ ምንም ባልነበረበት ቦታ የቆመው ዋና ግንብ 84 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ደግሞ ለግንብ 46.5 ቢሊዮን ዶላር መድቧል።

በሌላ በኩል በ2024 መጨረሻ በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ያልታየ መዝገብ 3.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ዳኞቹ በመላ አገሪቱ 700 አካባቢ። ለአንድ ዳኛ ከ5 ሺህ መዝገብ በላይ ይደርሰዋል። እውነተኛ ስደተኛው ለዓመታት መልስ ይጠብቃል፤ ጉዳይ የሌለውም ዕድሜ ልኩን ሊቀር የሚችልበት ጊዜ ያገኛል። ገንዘቡ እዚህ ቢውል በስድስት ወር ውስጥ “ይገባሃል” ወይም “አይገባህም” ማለት ይቻል ነበር። ሰው አስጨናቂውን መንገድ የሚመርጠው ጉዳዩ ለዓመታት እንደሚንከባለል ስለሚያውቅ ጭምር ነው።

“ቤትህን ትቆልፍ የለ?”

እቆልፋለሁ። ግን ምሳሌው አይገጥምም። አሜሪካ ውስጥ በሰብል እርሻ ከሚሠሩት 10 ሰዎች 4ቱ ሕጋዊ ወረቀት የላቸውም። የፊት በሩን ቆልፎ በጓሮ በኩል “ና አትክልቴን ልቀምልኝ” የሚል ባለቤት ጠላቴ ሌባ ነው ሊል አይችልም። ሥራውና ደመወዙ እየጠሩት ነው የመጣው።

ሕጋዊ መንገድ ሲኖር ምን እንደሚሆን ደግሞ ታሪክ አሳይቶናል። ከ1942 እስከ 1964 አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ብራሴሮ የተባለ የሠራተኛ ስምምነት ነበራት። በ1950ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከ400 ሺህ በላይ ሰው በውል ይገባ ጀመር። በ1954 ከ1 ሚሊዮን በላይ የነበረው የተያዘ ሰው ቁጥር በ1959 ወደ 45 ሺህ ወረደ። በ1954 የተካሄደው የጅምላ ማባረርም ድርሻ ነበረው፤ ሠራተኞቹም በደመወዝና በአያያዝ ብዙ በደል ደርሶባቸዋል። ያንን እንዳለ መልሱት አልልም። በውል መግባት ከተቻለ ግን ደላላ የሚከፍል ሰው በእጅጉ ይቀንሳል።

የቅርቡም ይኸው ነው። በጃንዋሪ 2023 ለኩባ፣ ለሄይቲ፣ ለኒካራጓና ለቬንዙዌላ ዜጎች በወር እስከ 30 ሺህ ሰው፣ ዋስ የሚሆን ሰው አግኝቶ፣ ቀድሞ ተጣርቶ፣ በአውሮፕላን የሚገባበት ፈቃድ ተከፈተ። ከእነዚህ አገሮች በድንበር ሾልከው የሚያዙት ሰዎች ወዲያው አሽቆለቆሉ። በጠቅላላው 530 ሺህ ገደማ ሰው በዚህ መንገድ ገባ። በ2025 የትራምፕ አስተዳደር ፈቃዱን ሰረዘው። ተመዝግበው፣ ተጣርተው፣ የሥራ ፈቃድ አውጥተው ግብር ሲከፍሉ የነበሩ ሰዎች ባንድ ጊዜ ሊባረሩ የሚችሉ ሆኑ። አንዳቸውም ግንብ አልዘለሉም። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፉ ስለ እነሱ ምን እንደሚል ማንበብ እፈልጋለሁ።